የአብራሪው እናት ሙት ዓመት

የባሌ አባት ታክ ጂንሶፕ በሰሜንና በደቡብ ጦርነት ጊዜ ተዋጊ አውሮፕላን ያበረሩ ሰው ነበሩ። እኔ ባወቅኋቸው ጊዜ ግን እንኳን አውሮፕላን መሰላል መውጣት የሚጠሉ፣ ከጥፍራቸው ግራሶ የማይጠፋ የጀልባ ሞተር ጠጋኝ ናቸው። በጁሙንጂን ወደብ ሞተሩ ያስቸገረው ዓሣ አጥማጅ ሁሉ «አብራሪው ዘንድ ውሰደው» ይባላል። ስድሳ ዓመት ሲሞላቸው ቼጁ ደሴት ልናዝናናቸው አዋጥተን ትኬት ቆረጥን። «እናንተ ብረሩ፤ እኔ በመርከብ እደርሳለሁ» አሉ። በማግስቱ ባሕሩ አንገላቷቸው፣ ፊታቸው ጎመን መስሎ ደረሱ። የገበያው ሰው «አብራሪው ዋኝቶ ቼጁ ገባ» እያለ ዓመቱን ሙሉ ሳቀባቸው። እሳቸውም አብረው ይስቁ ነበር።

ስለ ጦርነቱ ግን አንድ ቃል አይወጣቸውም። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባላል፤ የሳቸውን ሆድ የሩዝ ጠጅም አልከፈተው። በዘማቾች ቀን ከንቲባው ከፊት ወንበር አስቀምጦ ያከብራቸዋል፣ እሳቸው ጫማቸውን ሲያዩ ይውላሉ። ልጄ ሃንጊል በልጅነቱ «አያቴ፣ ስንት ጠላት ገደልክ?» ብሎ ቢጠይቃቸው ሜዳያቸውን አውልቀው መጫወቻ ሰጡት።

በትዳርና በልጅ ነገር ወደር የላቸውም። ከጦርነቱ በኋላ ከካንግኑንግ የአየር ጣቢያ ተሰናብተው ሲወጡ ሥራ ፍለጋ የገቡት ከአንድ የሞተር ጠጋኝ ሱቅ ነበር፤ የሱቁን ባለቤት ልጅ ኦክቡንን አገቡና በዚያው ቀሩ። ሦስት ልጅ አሳደጉ፣ አንዱንም በጥፊ ነክተው አያውቁም። ኦክቡን ታመው አልጋ ላይ ሲውሉ ፀጉራቸውን የሚያበጥሩላቸው እሳቸው ነበሩ። ጎረቤቶች በአጥር ላይ ሲያሾልቁ «ምን ታያላችሁ? እናንተም የምታበጥሩላት ካለቻችሁ ግቡና አበጥሩ!» ይሉ ነበር።

እኔን ያስመረረኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የእናታቸው ሙት ዓመት። እኔ የበኩር ልጃቸው ሚስት ስለሆንኩ ድግሱ የኔ ዕዳ ነው። ቀኑ የሚውለው በጨረቃ አቆጣጠር በአሥራ ሁለተኛው ወር፣ የቧንቧው ውኃ በሚረጋበት ብርድ ነው። ዓሣው ሳይሰበር መቀቀል አለበት፣ ሾርባው ነጭ ሽንኩርትና ቃሪያ አይገባበትም፣ ፍራፍሬው በተራ መደርደር አለበት። በመጨረሻ እሳቸው ራሳቸው በበረዶው ወጥተው ለእናታቸው መንፈስ የግቢውን በር ይከፍታሉ፤ ተመልሰው ማንኪያውን ከሩዙ መካከል ቀጥ አድርገው ይተክላሉ። ለሙት ካልሆነ በቀር ማንኪያ እንዲህ አይተከልም። ከዚያ ይሰግዳሉ፣ ወንዶቹም ከኋላቸው ይሰግዳሉ። እኔ ወገቤን ይዤ «ምነው ሴትዮዋ በፀደይ በሞቱ ኖሮ» እል ነበር። ልጃቸው ወደ ደቡብ ሲወርዱ ሰሜን ቀርተው በቦምብ እንደሞቱ ብቻ ነው የማውቀው። ቀኑን ማን እንደነገራቸው ኦክቡንን ብጠይቃቸው «እሱን አትንኪበት፣ ያመዋል» አሉኝ። እኔም አፌን ዘጋሁ።

ኦክቡን ካረፉ በኋላ፣ በአንድ የጸደይ ጠዋት፣ ከቀይ መስቀል ስልክ ተደወለ። አነሳሁት። በሰሜን የምትኖር ቦክሲል የምትባል ሴት ወንድሟን ታክ ጂንሶፕን ትፈልጋለች፤ ድንበሩ የለያየው ቤተሰብ በኩምጋን ተራራ በሚገናኝበት ዝግጅት ልታየው ስሟ በዕጣ ወጥቷል አሉኝ። ባሌ ቶንሱ ዘለለ። በከተማችን ከሰሜን የመጣ ሽማግሌ ሁሉ ለዚህ ዕጣ ሲያለቅስ ነው የሚኖረው።

አባባ ግን «አልሄድም» አሉ።

«ምን ማለትዎ ነው? እህትዎ ናት እኮ!» አለ ባሌ።

«አልሄድም አልኩ!» ብለው ወደ ሱቃቸው ወጡ። እንዲያ ሲጮኹ ሰምተን አናውቅም።

ምሳ ይዤላቸው ሄድኩ። የተፈታ ሞተር ፊት ተቀምጠዋል፣ እጃቸው ባዶ ነው።

«አባባ፣ ምን አስቀይማዎት ነው?»

«እሷ ምን አደረገች፤ ትቻት የመጣሁት የስምንት ዓመት ልጅ ሆና ነው።» ባዶ ሳጥን ገፉልኝ። «ተቀመጪ እስቲ፣ የሃንጊል እናት።»

ተቀመጥኩ። ለኦክቡን እንኳ ያልነገሩትን ነገሩኝ። በጦርነቱ፣ በዚያ በአሥራ ሁለተኛው ወር፣ በሰሜን ከወንሳን ከተማ በታች ያለ የባቡር ድልድይ እንዲመቱ ታዘዙ። ድልድዩ የተወለዱበት ከተማ ድልድይ ነው፤ ዋና የተማሩት ከሥሩ ነው። ሌላ ሰው ይሂድ ለማለት ፈሩ፣ ከሰሜን የመጣ ሰው ያኔ በክፉ ዓይን ይታይ ነበርና። ቦምባቸው ድልድዩን ስቶ ከጣቢያው ጀርባ ያለው ሰፈር ላይ ወደቀ።

«ዞሬ አየሁ፤ የኛ ቤት ጣሪያ ይነዳል» አሉ። «የምሳ ሰዓት ነው፣ ብርድ ነው፤ እናቴና ያቺ ሕፃን ከቤት ሌላ የት ይሆናሉ? ቀኑን ማን ነገረዎት ትላላችሁ። የገደልኩበትን ቀን ማን ይነግረኛል?»

ያን ሁሉ ዓመት ብርዱን ስረግም የኖርኩት ትዝ ብሎኝ አፈርኩ።

«ለኔ ለምን ነገሩኝ?»

«ምግቧን የምትሠሪላት አንቺ ነሽ።» ፊታቸውን በእጅጌያቸው ጠረጉ። «ቦክሲል በምን ተአምር እንደተረፈች አላውቅም። እሄዳለሁ። እግሯ ላይ ወድቄ እናትሽን የገደልኩ እኔ ነኝ እላታለሁ።»

«አብደዋል እንዴ!» አልኩ። «እዚያ ግድግዳው ሁሉ ጆሮ ነው። አገራችንን በቦምብ ያነደደ አብራሪ እህት ናት ከተባለች እሷስ ልጆቿስ ምን ይውጣቸው? እርስዎ ቀለለልኝ ብለው ወደ ቤትዎ ይመጣሉ፣ ዕዳውን እሷ ትከፍላለች።»

«ታዲያ እናቷን ገድዬ ዓይኗን እያየሁ ልቀመጥ?»

«ይቀመጡ! ስለ እሷ ሲሉ።»

ሸኚ ሆኜ የሄድኩት ምላሳቸውን ልጠብቅ ነው።

የኩምጋን አዳራሽ ገና ስንገባ በልቅሶ ይናጣል። ቦክሲል ሐምራዊ ቀሚስ ለብሳ፣ ከሲታ፣ ጥርሷ ያለቀ አሮጊት ሆና ጠበቀችን። አባባን ስታይ ግራ ጆሯቸውን ይዛ ጎተተች፤ በልጅነታቸው በር ቆርጦት ጫፉ የጎደለ ጆሮ ነው። «እሱ ነው!» ብላ ጮኸችና አንገታቸው ላይ ወደቀች። ደረቱ ላይ አርማ የለጠፈ የሰሜን ተቆጣጣሪ ከኋላችን ይመላለሳል። አባባ እግሯ ላይ ሊወድቁ ሲሉ አየሁና ክንዳቸውን ቆንጥጬ አስቀመጥኳቸው።

«ጋሼ» አለች ቦክሲል አፍንጫዋን እየጠረገች፣ «ምነው ቀደም ብለህ ብትመጣ። እማዬ እኮ ስትጠብቅህ ሞተች።»

«ስትጠብቀኝ?»

«ሰማንያ ሊሞላት ትንሽ ሲቀራት፣ በመኸር። አልጋዋ ላይ።»

«ቤቱስ? ቤታችን?»

«ቤቱማ በጦርነቱ ነደደ። እኛ የባሕር ቅጠል ልንለቅም ወርደን ነበር፤ የምንበላው አልነበረማ። ስንመለስ አመድ አገኘን።»

አባባን አየኋቸው። ደስ ይላቸዋል ብዬ ነበር፤ ገዳይ አይደሉማ! ፊታቸው ግን አመድ መሰለ። እኔም ሳሰላው ነገሩ ገባኝ። አሮጊቷ ከዚያ ቀን በኋላ ከሠላሳ ዓመት በላይ ኖረዋል። እኔ ራሴ ካገባሁ ወዲህ እንኳ ወደ አሥር ዓመት ያህል ለሕያው ሰው የሙት ምግብ ስቀቅል ኖሬያለሁ።

በማግስቱ በሆቴሉ ክፍል ለብቻችን አገናኙን። ቦክሲል መሬት ላይ ተቀምጣ የእናቷን ነገር አወራች። ሴትዮዋ በየማታው መጀመሪያ የሚጨልፉት ሩዝ የጂንሶፕ ነው። ክዳን አድርገው፣ ወለሉ ከሚሞቅበት ጥግ ብርድ ልብስ ሥር ይሸጉጡታል፤ መንገድ የወጣ ልጅ በእናቱ ቤት ድርሻው ከተቀመጠ በሄደበት አይራብም ይባላል። ሩዝ ሲጠፋ በቆሎውን፣ በቆሎው ሲጠፋ ድንቹን አስቀመጡ።

«አንድ ሽማግሌ መጥቶ ልጅሽ ሞቷል፣ ሙት ዓመቱን አውጪለት ቢላት ምን እንዳደረገችው ታውቃለህ? በጭልፋ አናቱን አለችው! ለሕያው ሰው ሙት ዓመት የሚያወጣ ሞቱን የሚመኝለት ነው አለችው።» ቦክሲል ሳቀች። «አንተስ ጋሼ? ድርሻዋን ታስቀምጥላት ነበር?»

እኔ ቸኮልኩ።

«እንዴታ! በየዓመቱ የምቀቅልላት እኔ ነኝ፣ በእጄ!»

አባባ ጉልበቴን ነካ አድርገው «ተይ ልጄ» አሉኝ። ከዚያ ከወንበሩ ወርደው ቦክሲል ፊት ተንበረከኩ። «ሙት ዓመቷን ሳወጣላት ነው የኖርኩት። ከጦርነቱ ጀምሮ።»

«ሞታለች ብሎ ማን ነገረህ?» አለች ቦክሲል።

አባባ ወደኔ አዩ፣ ወደ ግድግዳው አዩ።

«ቤታችን ሲነድ ያየ ሰው ነው የነገረኝ።»

«ምላሱ ይቆረጥ!» አለች ቦክሲል። «ልጅ አይውጣለት! እሱም እናቱን እንደተራበ ይሙት!»

«ይሙት» አሉ አባባ።

ቦክሲል አላለቀሰችም። እጇን ዘርግታ ያንን ጎደሎ ጆሮ ዳሰሰች። «ለዚህ ነዋ ያልፈለግኸን» አለች። «ደቡብ የወረዱ የጎረቤት ልጆች በቻይና በኩል ወሬ ሲልኩ እማዬ ደጅ ወጥታ ትቆም ነበር። የኔ ምነው ዘገየ እያለች።» ከዚያ ያመጣንላትን ካልሲና መድኃኒት፣ የብርድ ካፖርት አንድ በአንድ እያጣጠፈች ከሻንጣው መክተት ጀመረች። አባባ ከወለሉ አልተነሱም።

በሦስተኛው ቀን አውቶቡሷ ሲንቀሳቀስ በመስኮቱ አንገቷን አውጥታ እናቷ የሞቱበትን ቀን ጮኻ ነገረችን፤ ዘጠነኛው ወር፣ በገባ በስድስተኛው። «አንተ ወንድ ልጇ ነህ፣ ከእንግዲህ አንተ አውጣላት!» አለች። አባባ እስክትሰወር ድረስ ከአውቶቡሱ ጋር ሮጡ። ሰባ ዓመት ያለፈው ሰው እንዲያ ይሮጣል ብዬ አላስብም ነበር። ዳግመኛ አላየናትም።

ዘጠነኛው ወር መጣ። እንደዚያ ቀን ተጠንቅቄ አብስዬ አላውቅም፤ እያለቀስኩ ነው የሠራሁት። አባባ ነጭ ልብሳቸውን ለብሰው የግቢውን በር ከፈቱ። ማንኪያውን አንስተው ወደ ባሌ ዘረጉት። ባሌ እጃቸውን ይዞ አብረው ተከሉት። ሰገዱ። ሙት ሲበላ ስለማይታይ፣ እንደ ልማዱ በሩን ዘግተን ኮሪደር ላይ ቆምን። ቆየት ብሎ የቤቱ አባወራ ሦስት ጊዜ ይስላል፣ ያኔ ነው የሚገባው።

«የሃንጊል እናት» አሉኝ በሹክሹክታ፣ «እየበላች ይመስልሻል?»

ከዚያ ቀን በፊት ጠይቀውኝ አያውቁም።

«አዎ፣ እየበሉ ነው።»

«እንዴት አወቅሽ?»

የመግቢያችን ሰዓት ደረሰ፣ አለፈ፤ አባባ አልሳሉም። ባሌ ጉሮሮውን ሊጠርግ ሲል እጃቸውን አፉ ላይ አደረጉ። «ይቆይ» አሉ፣ «ቀስ ብላ ትብላ።» ሾርባው እስኪበርድ ድረስ በሩ ላይ ቆመን ቀረን።