አባቴ ከተማሪው ፊት የተቀመጠ ጧት

ያስተማራችሁት ሰው በልጧችሁ ያውቃል? በልጧችሁስ ከደስታው ሥር ቅር ብሏችሁ ያውቃል? ይህን የምጠይቀው፣ ዛሬ በሰቆጣ ከማስተምርበት ክፍል ውጭ ሕፃናት ፊደል ሲቆጥሩ በሰማሁ ቁጥር፣ እዚሁ በሰቆጣ አካባቢ ባለችው ዝቋላ፣ ቤታችን ደጅ ካለው ወይራ ሥር ይሰማ የነበረው የአባቴ ተማሪዎች ድምፅ ስለሚመለስብኝ ነው።

አባቴ ቄስ ነበር፤ ልጆቹ ሁሉ የኔታ ይሉት ነበር። በበጋ ጧት ጧት ቁርበቱን አንጥፎ ይቀመጥና ንባብና ዜማ ያስጠና፣ አማርኛ ያልገባውን ልጅ በአገውኛ ያስረዳ ነበር። ከእነዚያ ልጆች አንዱን፣ ፍሥሓን፣ ከፊደል ጀምሮ አስተምሮ፣ ስንቅ አስይዞ አቋቋም እንዲማር ወደ ጎንደር ላከው። አቋቋም ማለት በጸናጽልና በመቋሚያ የሚዘመርበት ሥርዓት ነው፤ አባቴ ይህን የመማር ዕድል አላገኘም ነበር።

ፍሥሓ ከዓመታት በኋላ፣ በትንሣኤ ሰሞን፣ መሪጌታ ሆኖ መጣና የአባቴን ጉልበት ሳመ። አባቴ በደስታ አለቀሰ። በቀጣዩ ሰንበት ግን ፍሥሓ ሲዘምር ምእመናኑ አፋቸውን ከፍተው ቀሩ፤ ከዚያም ትልልቆቹ ተማሪዎች አንድ በአንድ ወደ እሱ ሄዱ።

ክረምት ሲገባ አባቴ በዝናቡ አሳብቦ የቀሩትን ልጆች አሰናበተ፤ ድሮ ግን በክረምት ቤት አስገብቶ ያስተምራቸው ስለነበር ምክንያቱ ዝናቡ እንዳልሆነ ሁላችንም እናውቅ ነበር። ምድጃ ዳር ሲተክዝ ይውልና፣ የፍሥሓ ስም ሲነሣ ብድግ ብሎ ይወጣ ነበር።

አንድ ቀን እናቴ ጥጥ እየፈተለች፣ «ልጅዎ በቁመት ቢበልጥዎ ሊያዝኑ ነበር እንዴ?» አለችው።

«ቅዳሴ ላይ ቆሜ እንኳ የማስበው ስለ እሱ ነው» አላት ቀስ ብሎ። «ማስተማሩን ብተወው ይሻለኛል።»

«ይተዉታ! ማሽላው ሲያፈራ ወፍ የሚያባርርልን ሰው አጥተናል።»

አባቴ ሳይወድ ሳቀ።

መስከረም ጠብቶ ጽጌ እንደገባ፣ አንድ ጧት ቁርበቱን በብብቱ ይዞ ወጣ፤ ተከተልሁት። ፍሥሓ ከሚያስተምርበት ግቢ ገብቶ፣ ከልጆቹ መካከል መሬት ላይ አነጠፈና ተቀመጠ። ፍሥሓ ከመደቡ ላይ ዘሎ ተነሣ።

«የኔታ፣ ኧረ በማርያም! እኔ ከላይ፣ እርስዎ ከታች?»

«ፊደል ሳስቆጥርህ ከታች ማን ነበር? ተቀመጥና አስተምር።»

ውሃ ቀድተው የሚመለሱ አንዲት ባልቴት በአጥሩ በር አይተውት፣ «የኔታ፣ እንግዲህ እንደ ተማሪዎቹ አኩፋዳ አንግተው ቁራሽ ሊለምኑ ይመጡብናላ!» ሲሉ ልጆቹ በሳቅ ፈረሱ።

«መምጣቴ አይቀርም፤ ትኩሱን ያቆዩልኝ» አላቸው አባቴ።

ከዚያ ወዲያ ጧት ጧት መቋሚያ ይዞ ከልጆቹ ጋር ይወዛወዝ፣ ሲሳሳት የእኔ እኩዮች ያርሙት፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ወይራው ሥር ፊደል ያስቆጥር ነበር። ያሰናበታቸው ልጆች ተመለሱ፤ ፍሥሓም ጀማሪ ሲመጣበት፣ «መጀመሪያ የኔታ ዘንድ ሂድ» እያለ ይልክለት ነበር። አባቴ አቋቋሙን ዳር አላደረሰውም። እኔ ግን በካባና በጥምጥም አምሮ ሲቀድስ ካየሁት ይልቅ፣ በዚያ መሬት ላይ ተቀምጦ ሲታረም ባየሁት ኰርቼበታለሁ።

ዛሬ እኔም መምህር ነኝ። የኛ ክፍል ሰሌዳና ጠረጴዛ የመምህሩን ቦታ ከተማሪው ለይተው አስቀምጠዋል፤ እንደዚያ ዘመን ቁርበት አንሥቶ ቦታ መለወጥ ቀላል አይደለም። ሆኖም ባለፈው ሳምንት፣ ሒሳብ ከእኔ ባጠረ መንገድ ለምትሠራ ተማሪዬ ጠመኔውን ሰጥቻት ከኋላ ወንበር ተቀመጥሁ። መጀመሪያ ፊቴ ጋለ፤ ቆይቶ ግን እጄን አውጥቼ ጥያቄ እጠይቃት ጀመር። እናንተም የምታስተምሩ፣ አንድ ጧት ሞክሩት፤ ያስተማራችሁትን ሰው ፈልጉና ከፊቱ ተቀመጡ።