ነቀዝ የሌለበት የነቀዘ ባቄላ

አማካሪዬ የሁለተኛ ዲግሪ ጥናቴን ርዕስ ቀይሪ ሲሉኝ እንቢ አልኩ። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ለጥናቴ የያዝኳት የኮምፒውተር ቦርድ ዝም ብትል የማትሠራ መሰላቸው። «ይኼ ለእኛ አገር ገና ነው፤ ሌላ ርዕስ እሰጥሻለሁ» አሉኝ። ለእኛ አገር ገና ነው ሲባል ደሜ ይፈላል።

ቦርዷ ከመዳፌ አትበልጥም። ላይዋ ያለው ቺፕ የአንጎል ነርቮችን አሠራር እንዲከተል ተደርጎ የተሠራ ነው። ተራ ኮምፒውተር ሥራ ኖረም አልኖረም ሲያሰላ ይውላል፤ የዚች ነርቮች ግን የሚነካቸው ነገር እስኪጠራቀም ዝም ይላሉ፣ ሲሞላላቸው አንዴ ብልጭ ይላሉ፣ መልሰው ዝም። የምትበላው መብራት ከስልክ ያነሰ ነው። ላፕቶፔ ግማሽ ቀን የሚያቃስትበትን የነርቭ መረብ፣ ማለትም ከናሙና ተምሮ ድምፅ የሚለይ ፕሮግራም፣ እሷ ሻይ ሳይበርድ ትጨርሰዋለች። መብራት ለሚጠፋበት አገር ካልሆነች ለማን ልትሆን ነው?

ነቀዝ ባቄላ ሲቦረቡር ድምፅ አለው፤ የሰው ጆሮ አይሰማውም፣ ጥሩ ማይክሮፎን ይሰማዋል። መረቡ ያንን ድምፅ ከለየ ገበሬው ዘሩ ዱቄት ሳይሆን ይደርስበታል። ስማዳ ውስጥ ከወገዳ አጠገብ አክስቴ ከሚኖሩበት ሰፈር፣ ከአሥራ አንድ ቤት የነቀዘ ባቄላ ለመንኩ። በየከረጢቱ ላይ «የነቀዘ» ብዬ ጽፌ ዩኒቨርሲቲ ወሰድኩት፤ ድምፁን ቀድቼ ለቦርዷ ሰጠኋት። አንድም ነርቭ ብልጭ አላለም። ሦስቴ ደገምኩት፤ ያው ነው።

ብልቃጥ ውስጥ ያረባኋቸውን ነቀዞች ግን መረቡ አንድ ቀን እንኳ ስቷቸው አያውቅም ነበር። ስለዚህ ከአማካሪዬ ጋር ተከራክሬ የአንድ ሳምንት ጊዜ ወሰድኩና፣ ቦርዷን ፈርሜ ተረክቤ፣ በነጠላ ጠቅልዬ የወገዳ አውቶቡስ ላይ ወጣሁ።

ተጨማሪ ባቄላ ስጠይቃቸው አክስቴ ሰፌድ ይዘው ተቀመጡ። ያበጥራሉ፤ ቀዳዳ ያላትን ፍሬ እየለቀሙ ለዶሮ ይወረውራሉ። ቆሜ አየኋቸው።

«እቴቴ፣ የነቀዘ ይስጡኝ አላልኩም ወይ?»

«ብለሻል። ታዲያ ለተማረ ልጅ፣ ያውም ለዩንቨርስቲ፣ ትል ያለበት እህል ላስይዝ? ሰው ምን ይለኛል?»

አሥራ አንዱም ቤት እንዲሁ አድርጎ ኖሯል። ለእንግዳ የተበላሸ እህል አይሰጥማ። ጥፋቱ የእኔም ነው፤ የሰጡኝን ፊታቸው ፈትቶ ማየት ነውር ነው ብዬ ከረጢቱን ሳልፈታ ነው የጻፍኩበት፤ ዩኒቨርሲቲም ማይክሮፎኑን በከረጢቱ አፍ ሽጉጬ ቀዳሁ እንጂ ፍሬውን አላየሁም። እዚሁ ተወልጄ ይህን አለማሰቤ አናደደኝ፤ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች። ቢሆንም ደስ አለኝ። ቦርዷ ዝም ያለችው የሚሰማ ነገር ስላልነበረ ነው፤ ከሁላችን እውነቱን የተናገረችው እሷ ነበረች።

ጎተራውን ራሱን ላዳምጥ ስል አክስቴ ፊታቸው ጠቆረ። «የኔ ጎተራ ንጹሕ ነው። ገበናዬን አደባባይ ልታወጭው ነው?» አሉኝ። ብለምናቸውም አልሰሙኝም። በመጨረሻ ባዶ እጄን ከተመለስኩ ሥራዬ እንደሚጣል ነገርኳቸው። ማን ነው የሚጥለው ብለው ተቆጡ። ጎተራውን ያስከፈታቸው ይኸው ቁጣ ነው፤ የታችኛውን አፍ ውታፍ ነቀሉልኝ።

ማይክሮፎኑን አስገባሁ፤ ቦርዷን ከሶላር ባትሪያቸው ጋር አገናኘሁ። መጀመሪያ ምንም የለም። ከዚያ የላፕቶፔ ስክሪን ላይ አንድ ነጥብ ታየ፣ ሌላ ተከተለ፤ ወዲያው ረድፉ በሙሉ በነጥብ ተሞላ። እያንዳንዷ ነጥብ አንድ ነርቭ ብልጭ ያለባት መሆኗን ስነግራቸው አክስቴ እጃቸውን ከተው አንድ እፍኝ ዘገኑ። ግማሹ ቀዳዳ ነበር። ለክረምት ዘር ብለው ያስቀመጡት ባቄላ ነው።

እኔን ማየት አቃታቸው። እኔም አፈርኩ፤ ግን የቀዳሁትን ላጠፋው አልፈለግኩም። የማን ጎተራ እንደሆነ ሳልጠቅስ ብጽፈው ይሻል እንደሆነ ጠየቅኳቸው። እፍኙን እንደያዙ ወጡና አጥሩ ጋ ቆመው ጎረቤታቸውን ተጣሩ።

«የኔ ባቄላ ነቅዟል» አሉ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው። «ያንችም ነቅዟል፤ አትደብቂኝ። የወንድሜን ልጅ ሥራሽ አይረባም ብለዋታል። ጎተራሽን ክፈችላት።»

ትንሽ ቆይቶ ከአጥሩ ማዶ ውታፍ ሲነቀል ሰማሁ።