ጀርባው ብቻ የታየው መሪ

ባኮ፣ ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት

መናኸሪያው ገና ሳይነጋ በቆሎ በጫኑ መኪኖች ተጨናንቋል። ባኮ በማለዳም ትሞቃለች። እኔ ግን በትራስ ልብስ የጠቀለልኩት ወፍራም ጥቁር ኮት ይዣለሁ።

ምክንያቱ ይህ ነው። ሐሙስ ዕለት ጎረቤቴ መምህርቷ በስልኳ አንድ ማስታወቂያ አሳየችኝ። የአንድ የታወቀ ኦርኬስትራ ታሪክ ቅዳሜ በዐውደ ርእይ አምቦ ላይ ይቀርባል። ፎቶግራፉን አወቅሁት፤ ኦርኬስትራው ከአዲስ አበባ መጥቶ አምቦ ሲጫወት የተነሣ ነው። መሪው ወንድሜ ለታ ነበር፤ ነፍሱን ይማር። ማስታወቂያው ግን «መሪ፦ ታደሰ» ይልና ወደ ከበሮ መቺው ያመለክታል። ታሪኩ በመጽሐፍ ሊወጣ ሰኞ ማተሚያ ቤት ይገባል። ስለዚህ ተነሣሁ።

«አካም ቡልተን፣ አዴ? ጥቅሉን ከላይ ልጫነው?» አለኝ ሾፌሩ፣ በኦሮምኛ የማለዳ ሰላምታ ሰጥቶ።

«እኔ ጋ ይሁን።»

«እንቁላል ነው?»

«ኮት ነው።»

«በዚህ ሙቀት!»

እጃጂ፣ 1፡30

የተወለድነው እዚህ ነው። መንገዱ ዳር ጤፍ ይሰፈራል፤ አህዮች አስፋልቱን ይዘው ለማንም አይለቁም። ለታ በትምህርት ቤት ሰልፍ ላይ ጥሩምባ ይነፋ ነበር። አባታችን «በሬዎቼን አስደነበርክብኝ» ከማለት በቀር ስለ ሙዚቃ አስተያየት አልሰጡም። ኋላ አዲስ አበባ ሄዶ ቫዮሊን ተማረ፤ ኦርኬስትራው ውስጥም ገባ። ኦርኬስትራውን ያቋቋመው የውጭ አገር መምህር ነበር፤ ውሉ ሲያልቅ ወደ አገሩ ተመለሰ። ከዚያ ተጫዋቾቹ ያለ መሪ ሁለት ወር ሠሩ። ሁሉም በየራሱ ፍጥነት ስለሚሄድ፣ ቀድሞ የጨረሰው ቀድሞ ወደ ቤቱ ይሄድ ነበር። ለታ የመሪውን በትር ያነሣው ያን ጊዜ ነው።

ይህን ለሾፌሩ ነገርኩት።

«ስንት ሰው ነው ኦርኬስትራ?»

«አርባ የሚሆን።»

«ዘፋኙስ?»

«ዘፋኝ የለም።»

«አርባ ሰው ተቀምጦ፣ አንዱ ፊት ቆሞ እጁን ሲያወናጭፍ! ይሄማ ስብሰባ ነው፣ አዴ።»

«ልዩነቱ እነዚህ ተስማምተው ይጨርሳሉ» አልኩት።

ጌዶ፣ 3 ሰዓት

ጉም መንገዱን ሸፍኖታል። ባኮ ላይ በሸሚዝ የተሳፈረው ሁሉ ተኮራምቷል። ኮቱን አውጥቼ ለበስኩት። ሾፌሩ በመስታወት አየኝ፤ ስለ ሙቀት አላነሣም።

አጠገቤ የተቀመጠች ነጋዴ ከኮቱ ጀርባ፣ ከግራ ትከሻው በታች ነጭ ስፌት አይታ፣ «እማማ፣ ጥቁሩን ኮት በነጭ ክር ማን ነው ያበላሸው?» አለች።

«እኔ ነኝ።»

ኮቱ የለታ ነው፤ አምቦ ሊጫወቱ ሲሉ በበሩ ምስማር ተቀደደ። እኔም እዚያ ነበርኩ፤ በእጄ ነጭ ክር ብቻ ነበረኝ። እየቸኮልኩ ሰፋሁት፤ ተጣመመ። «ግድ የለም፣ ጀርባህን ማን ያያል?» አልኩት። ለታ ሳቀ። «እህቴ፣ ሕዝቡ የሚያየው እሱኑ ብቻ ነው» አለኝ። ዛሬም ድረስ ያ ስፌት ያሳፍረኛል።

አምቦ፣ 4፡30

አዳራሹ በር ላይ ፎቶግራፉ ግድግዳ አክሎ ተሰቅሏል። የኦርኬስትራው ታሪክ በሰሌዳ ተደርድሯል፦ መክፈቻ ንግግር ያደረጉ ባለሥልጣናት፣ ሪባን የቆረጡ ባለሥልጣናት፣ ሪባን ሲቆረጥ ያጨበጨቡ ባለሥልጣናት። ቫዮሊን የያዘ ሰው ፈልጌ አንድ አገኘሁ፤ ግማሹን እቅፍ አበባ ጋርዶታል።

የኮሚቴው ሰብሳቢ ኦቦ ገመቹ በአክብሮት ተቀበሉኝ።

«ይህ መሪ ያላችሁት ከበሮ መቺ ነው» አልኳቸው። «ታደሰ ደግ ሰው ነበር፤ ሦስት ጊዜ ይመታና ቀሪውን ሰዓት ቆሞ ተራውን ይጠብቃል።»

«አዴ፣ ኮሚቴው አጣርቷል። ከሁሉም በላይ ቆሟል፤ ዱላ ይዟል፤ ምንም አይሠራም። መሪ ከዚህ ሌላ ምን ይመስላል?»

ጣቴን ከፊት ያለው ጀርባ ላይ አደረግሁ። «መሪው ይኸ ነው።»

«እሱማ ለሕዝብ ጀርባውን የሰጠ ሰው ነው! ሥዕሉን ስለሚያበላሽ ከመጽሐፉ ተቆርጦ እንዲወጣ ተወስኗል። ማስረጃ አለዎት?»

ኮቱን አውልቄ ከፎቶግራፉ ጎን ያዝኩት። ግድግዳ ባከለው ሥዕል ላይ ስፌቱ እንደ ገመድ ወፍሮ ይታያል። ኦቦ ገመቹ መነጽራቸውን አደረጉ። ኮቱን አዩ፤ ሥዕሉን አዩ፤ እንደገና ኮቱን አዩ።

«እዚህ ጋ ተጣሟል» አሉ።

«እዚያም ተጣሟል።»

«ክር በቃለ ጉባኤ ተይዞ አያውቅም» አሉና ብዕራቸውን አወጡ።

አምቦ፣ 8 ሰዓት

በአስቸኳይ ስብሰባ ኮቱ መድረክ ላይ፣ ወንበር ላይ እንዲቀመጥ ተወሰነ። ስፌቱ እንዲታይ ጀርባውን ወደ አዳራሹ አድርጌ አስቀመጥኩት። የክብር እንግዶች ሊገቡ ሲሉ የፕሮቶኮል ሠራተኛው ሮጦ ወንበሩን ወደ እነሱ አዞረው። «ጀርባ ነውር ነው» አለኝ ቀስ ብሎ።

እንግዶቹ ተቀመጡ። ተነሣሁ፤ መድረኩ ላይ ወጣሁ፤ ወንበሩን መልሼ አዞርኩት። ኦቦ ገመቹ ጉሮሯቸውን ጠርገው ከቃለ ጉባኤው አነበቡ፦ «መሪ፦ ለታ። እንዳይቆረጥ።»

ወደ ባኮ፣ 10 ሰዓት

የጠዋቱ ሾፌር ባዶውን የትራስ ልብስ አየ።

«ኮቱን ሸጡት እንዴ፣ አዴ? ጌዶ ላይ ምን ሊለብሱ ነው?»

«ሥራ ላይ ነው» አልኩት።

ጌዶ ስንደርስ ጥቁር ጃኬቱን አውልቆ ሰጠኝ። ጀርባው ላይ በደንብ የተሰፋ ቀዳዳ ነበረው፤ በጥቁር ክር።