ፊልሙ መሃል ላይ የቆመበት እሑድ

ዛሬም ፊልም መሃል ላይ ሲቆምብኝ ጆሮዬ ውስጥ ጎርፍ ይጮሃል።

ሰባተኛ ክፍል ነበርኩ። ሸዋ ሮቢት ውስጥ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያናችን ቄስ፣ አባ፣ በአዳራሹ ፊልም ያሳዩን ነበር። ሁልጊዜ ግማሹ ላይ ያቆሙትና ይጠይቁን ነበር። ያን ቀን ፊልሙ ስለ ተጣሉ ወንድማማቾች ነበር።

«ታናሹ ታላቁን ይቅር ይበለው?» አሉ።

ታላቅ ወንድሜ ጳውሎስ በዋዜማው ብስክሌቴን ሰብሮ «እኔ ነኝ» ሳይለኝ ቀርቶ ነበር። ተነሳሁ። «መጀመሪያ ጥፋቱን ይናገር!»

«ይሄ ፊልም ስለ እኔ ነው እንዴ?» አለ ጳውሎስ። አዳራሹ በሙሉ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም።

አባ ወደ እኔ ዞሩ። «በወንጌል የጠፋውን ልጅ አባቱ አይቶ የራራለት ገና ሩቅ ሳለ ነው፤ ልጁ አፉን እንኳ ሳይከፍት» አሉኝ። ይህ ከብስክሌቴ ጋር ምን እንደሚያገናኘው አልገባኝም። ወዲያው መብራት ጠፋ፤ ፊልሙ ሳያልቅ ተበተንን።

ቤታችን ከወንዙ ማዶ ነው። የወንዙን ደረቅ አሸዋ ቀድሜ ተሻገርኩ። ጳውሎስ ከወዲያኛው ዳር «አንተ! ቆየኝ እንጂ!» ብሎ ተጣራ። አልዞርኩም። እኛ ዘንድ ጠብታ አልጣለም፤ ደጋው ላይ ግን ዘንቦ ኖሯል። የውኃውን ጩኸት ሰምቼ ስዞር አሸዋው ጎርፍ ሆኗል። ጳውሎስ የለም። አስከሬኑ ሲመሽ ተገኘ።

በማግስቱ ጠዋት፣ ከቀብሩ በፊት፣ አባ ዘንድ ለኑዛዜ ሄድኩ። ፊታቸው ተንበረከክኩ።

«ሲጠራኝ ሰምቼ ነበር» አልኩ።