አዳዳ ያላዩት ቀለም

አዳዳ እንላቸው የነበሩት የአባቴ እህት የተነገራቸውን ነገር በዓይናቸው ካላዩ አያምኑም ነበር። ሐኪምም ይሁን ነጋዴ፣ "እስቲ አሳየኝ" ይሉታል።

ዩኒቨርሲቲ ኬሚስትሪ ስማር፣ ለመመረቂያ ጥናቴ የሚያስፈልገኝን የወይራ ቅጠል ጎባ ካለው ጓሯቸው እየለቀሙ በሚኒባስ ይልኩልኝ ነበር። ቅጠሉ የተቀቀለበት ውሃ ከሟሟ የብር ጨው ጋር ሲቀላቀል በዓይን የማይታዩ የብር ቅንጣቶች ይፈጠሩና ውሃው ወደ ቡናማ ይለወጣል። ሜርኩሪ ያለበት ውሃ ሲጨመርበት ደግሞ ቀለሙ ይጠፋል፤ የተበከለ ውሃ የሚለየው በዚህ ነው። ይህን በስልክ ስነግራቸው ሳቁ።

"የኔ ወይራ? እስቲ አሳየኝ።"

"ስመጣ አሳይዎታለሁ፣ አዳዳ።"

"ኢንሻአላህ።"

አንድ ቅዳሜ ለአዳዳ የማሳየውን ውሃ በጠርሙሶች ይዤ ሮቤ ገባሁ። ጎባ ቅርብ ናት፤ ግን ዝናብ ነበር፣ ጓደኞቼም ያዙኝ። ካፌ ተቀምጠን ለእነሱ አሳየኋቸው። ቀለሙ ሲጠፋ አጨበጨቡልኝ፣ ያመጣሁትም እዚያው አለቀ። በማግስቱ ተመለስኩ። መምጣቴን እንኳ ለአዳዳ አልነገርኳቸውም።

ብዙም ሳይቆይ ወደ አኺራ ሄዱ። ለቅሶው ቤት፣ እሳቸው ይቀመጡበት በነበረው መደብ ላይ ማንም አልተቀመጠም። ልጃቸው አጠገቤ መጣች።

"እማዬ ስለዚያ ቀለም ሳታወራ አትውልም ነበር። አሳየሃት?"

"አዎ፣ አይተዋል" አልኳት።

"አልሐምዱሊላህ" አለች፣ እጄን ይዛ።

አላዩም። ይህን የምጽፈው እሷም እውነቱን እንድታውቅ ነው።