ጅቡ የለበሰው የሸክላ ፊት

ልጅ ሳለሁ ተረት የሰማሁት እንደ ሌላው ልጅ ከቤቴ ምድጃ ዳር አይደለም፤ ሸክላ ከሚተኮስበት ጉድጓድ ዳር ነው። ጉድጓዱ ከሰፈራችን በታች፣ ወንዙ አጠገብ፣ ሸክላ ሠሪዋ እማ ውዴ ከልጇ ከብርቄ ጋር ከምትኖርበት ጎጆ ፊት ለፊት ነበር። ያኔ ወደዚያ የሚወርድ ሰው ድስት ወይም እንስራ ለመግዛት ካልሆነ አይወርድም፤ የወረደውም ዕቃውን ተቀብሎ፣ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ ቶሎ ይመለሳል። ሸክላ ሠሪ ሰውን በዓይኑ ይበላል፣ ሲመሽም ጅብ ሆኖ ይወጣል ይባል ነበርና። እኔን ወደዚያ ያወረደኝ ትምህርት ቤት ነው።

ትምህርት ቤታችን ከትክል ድንጋይ ከተማ ወጣ ብሎ የሚገኝ፣ ዝናብ ሲመታው መምህሩ የማይሰማበት የቆርቆሮ ቤት ነበር። ሦስተኛ ክፍል ስንደርስ መምህር ይርጋ የሚባሉ ወጣት ከጎንደር ተመድበው መጡ። እሳቸው ከመምጣታቸው በፊት ትምህርት ማለት ከሰሌዳ መገልበጥ ነበር። እሳቸው ግን ገና ሲገቡ «ደብተራችሁን ዝጉ፣ እጅጌያችሁን ሰብስቡ» ይሉናል። መደመርን በባቄላ ፍሬ አስተማሩን፤ ፊደልን ሰንበሌጥ እያጠፍን ሠራን፤ የአገራችንን ተራራና ወንዝ በክፍሉ ወለል ላይ ከአፈርና ከድንጋይ ገነባን፤ ወንዙን በአመድ አሰመርነው። እኔ ፈሪና ጭንቀታም ልጅ ነበርሁ፤ ስህተት እንዳልሠራ ብዬ ሰሌዳ ላይ የጻፍሁትን ደጋግሜ አጠፋ ነበር። ባቄላውን ስይዝ ግን ፍርሃቱ ይተወኛል።

አንድ ቀን መምህር ይርጋ በቅርጫት ቀይ ጭቃ ይዘው ገቡ። ማታ ቤታችን ተረት ሰምተን፣ በተረቱ ውስጥ ያለውን እንስሳ በጭቃ ሠርተን፣ እሱን ይዘን ለክፍሉ እንድንተርት አዘዙን። እጁን የዘረጋ ልጅ አልነበረም።

«እኔ የሸክላ ሠሪ ልጅ ነኝ እንዴ?» አለ የወንበር ጓደኛዬ አዳነ።

ክፍሉ ሳቀ። ብርቄ ከኋላ፣ ብቻዋን በምትቀመጥበት ወንበር ላይ፣ አንገቷን ደፋች። መምህር ይርጋ አልተቆጡም። እጃቸውን ጭቃው ውስጥ እስከ ክርናቸው ከተቱና አንድ ነገር ድቡልቡል አድርገው አነሡ።

«ይኼ ምንድን ነው?»

«ድንች ነው!» አለ አዳነ።

«ላም ነው እንጂ!» አሉ መምህር፣ እውነትም ቅር ያላቸው መስለው። ያን ጊዜ ሁላችንም እየሳቅን ጭቃው ላይ ተረባረብን።

በማግስቱ ግን ላሙም በሬውም ተሰነጣጥቆ፣ እግር እግሩ ወድቆ አገኘነው። «ምነው እንዲህ ሆነ? የሚያውቅ አለ?» ሲሉ ከኋላ በኩል ለመስማት የሚያስቸግር ድምፅ መጣ።

«ገል አልገባበትም።»

ብርቄ ነበረች። የተሰበረ ሸክላ ተወቅጦ፣ ተነፍቶ ከጭቃው ጋር ካልተለወሰ እንደማይጸና፣ ቃሏ እየተቆራረጠ ነገረችን። መምህር ይርጋ ወደ ፊት ጠሯት። ከዚያ በኋላ በግቢው ድንጋይ ላይ ገል ስንወቅጥ ዋልን፤ ብርቄም ከአንዱ ልጅ ወደ ሌላው እየሄደች በአውራ ጣቷ ስንጥቅ ታብስ ነበር። ጥቂት ቀን ሳይቆይ ያ አፈኛ አዳነ «ብርቄ፣ የኔን በሬ ቀንዱን እይልኝ!» እያለ ሲጮኽ ሰማሁት። እሷም ከኋላ ወንበር ተነሥታ ከእኔና ከአዳነ ጋር ተቀመጠች።

የደረቁትን እንስሶች እናቷ እንድትተኩስልን መምህር ይርጋ ክፍሉን ይዘው ወደ ጉድጓዱ ወረዱ። ከዚያ ወዲያ እኔና አዳነ ከትምህርት ቤት ስንመለስ፣ ለቤተሰቦቻችን ሳንናገር፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ወደዚያ ጎራ ማለት ለመድን። እማ ውዴ ጭድና ደረቅ ኩበት ትከምራለች፤ ጭሱ ነጭ ሆኖ በወንዙ ላይ ይተኛል፤ ቆይቶ ፍሙ ከውስጥ ይቀላና ሸክላዎቹ በመካከሉ ብርቱካን መስለው ይታያሉ። እሳቱን መተው ስለማይቻል ቁጭ ብላ ትተርትልን ነበር። ከሁሉ የማልረሳው የጅቡን ነው።

«አንድ ጅብ ነበር» አለች፣ ኩበት እየጨመረች። «ልጆች ሲጫወቱ ባየ ቁጥር መጫወት ያምረዋል። ሲቀርብ ይሸሻሉ። አንድ ቀን ሸክላ ሠሪ ዘንድ ሄዶ ‹የበግ ፊት ሥሪልኝ› አላት፤ ሠራችለት። ‹እስኪተኮስ ቆይ› ብትለው የልጆቹን ሳቅ ሰማና አልቻለም፤ እርጥቡን ፊት ለብሶ ሮጠ። ልጆቹ ጀርባው ላይ እየወጡ፣ ጆሮውን እየጎተቱ ዋሉ። ከዚያ ዝናብ መጣ፤ ፊቱም ሟሟ።»

«ልጆቹስ?» አልናት።

«እኔ ምን አውቄ? ልጆች እናንተ ናችሁ፤ ንገሩኝ እንጂ።»

«ጅብ ከሆነማ እኔስ እሮጣለሁ!» አለ አዳነ።

«አንተማ በግም ብታይ ትሮጣለህ» አለችው ብርቄ።

እኔ ግን አልሸሽም አልሁ። እማ ውዴ ለምን ብላ ስትጠይቀኝ፣ «ቀኑን ሙሉ አብሮኝ ውሎ አልነከሰኝማ» አልኋት። ፍሙ ፊቷ ላይ እየቀላ ትንሽ አየችኝና «ሸጋ ልጅ» ብላ ወደ እሳቱ ዞረች።

በሚቀጥለው ሳምንት ያንን ጅብ ከነበግ ፊቱ ሠራሁት። ብርቄ ጆሮውን አስተካከለችልኝ፤ እንዲደርቅ በክፍሉ መስኮት ላይ አስቀመጥነው። እሱ ሳይደርቅ አባቴ ወደ ቆላ ይዞኝ ወረደ፤ ስንመለስ ንዳድ ጣለኝ።

የዚያን ሕመም ነገር ብዙውን አላስታውስም። የማስታውሰው ዝናብ ቤታችንን ሲደበድበው፣ ጅቤ መስኮት ላይ መሆኑ እንዳስጨነቀኝ ነው። ብርቄ እንድታስገባው ልነግራት እፈልጋለሁ፤ አፌ አይታዘዝልኝም። ደግሞ ጭስ ነበር፤ እንደ ጉድጓዱ ጭስ አይደለም፤ የሥር ጭስ፣ መራራ፣ ጉሮሮ የሚዘጋ። ራሴን በጋቢ ሸፍነው ከጭሱ በላይ ይዘውኛል። ጎረቤታችን አያ ደምሴ ከላይ ሆነው ይጮኻሉ፦

«ማነህ? ከወዴት መጣህ? ተናገር!»

እኛ ዘንድ ሰው ተበላ ሲባል እንዲህ በጭስ ይጠየቃል፤ የታመመው የሚጠራው ስም የበላው ሰው ስም ነው ተብሎ ይታመናል። እኔም ስም ጠራሁ። «ብርቄ! ብርቄ!» እያልሁ ጮኽሁ።

መምህር ይርጋ በዚያው ቀን እየሮጡ መጥተው «ንዳድ ነው፣ ቆላ ወርዶ አልነበር?» ብለው ኪኒን ሰጥተውኛል። ልቡናዬ ሲመለስ ግን እናቴ ግንባሬን እየሳመች፣ ደስታዋ ከፊቷ ሞልቶ፣ «ስሟን ጠርተህ ለቀቀችህ፣ ልጄ» አለችኝ። መጀመሪያ የማንን ስም እንደምትል አልገባኝም ነበር። ሲገባኝ «ጅቤን አስገቢልኝ ልላት ፈልጌ ነው!» ብዬ አለቀስሁ። ጅብ የሚለውን ቃል ስትሰማ እናቴ አማተበች። ከዚያ በኋላ ያልሁት ሁሉ ነገሩን አባባሰው።

የሆነውን ሁሉ አዳነ ነገረኝ። የሰፈሩ ሰዎች ትምህርት ቤቱ በር ላይ ተሰብስበው «ወይ እሷ ትውጣ ወይ ልጆቻችንን እናስቀራለን» አሉ። መምህር ይርጋ በሩ ላይ ቆመው ብርቄን አላስወጣም ብለው ተከራከሩ። የወሰደቻት እናቷ ራሷ ናት። ሰዉ መንገድ ለቀቀላት፤ እሷም የብርቄን እጅ ይዛ መምህሩን እንዲህ አለቻቸው አሉ፦

«መምህር፣ ሸጋ ሰው ነዎት። ግን እርስዎ ነገ ከተማ ይመለሳሉ፤ እኛ እዚሁ ነን።»

ድኜ ክፍል ስገባ መጀመሪያ ያየሁት መስኮቱን ነው። ባዶ ነበር። ዝናብ ወስዶታል ብዬ ቁጭ ስል አዳነ ከመምህሩ ጠረጴዛ ሥር በቅጠል የተጠቀለለ ነገር አወጣ። ጅቤ ነበር፤ አንድ ጆሮው እንኳ አልተነካም። ሰዎቹ ከመምጣታቸው በፊት፣ ዝናቡ ሲጀምር፣ ብርቄ ሮጣ አስገብታው ነበር።

እሱን ይዤ ወደ ወንዙ ወረድሁ። ጉድጓዱ ውስጥ ዝናብ የመታው አመድ ነበር፤ ጎጆው ተዘግቷል። በዛሪማ መንገድ ሲሄዱ ያየ አለ አሉ፤ ከዚያ በላይ የሚያውቅ አላገኘሁም። ጅቡን የሚተኩስልኝ ስላልነበረ ጥሬውን አስቀመጥሁት፤ ያልተተኮሰ ሸክላ አይቆይምና ከዓመታት በኋላ ሣጥኔ ውስጥ አፈር ሆኖ አገኘሁት። መምህር ይርጋም ጭቃ ይዘው አልገቡም። ከሰሌዳ መገልበጥ ጀመርን፤ ዓመቱ ሲያልቅ ተዛውረው ሄዱ። እኔም ብዙ ሳልገፋ ትምህርቱን ተውሁ።

ይኼው ሸመገልሁ፤ አሁን የምኖረው ጎንደር ከልጄ ቤት ነው። የሰው ስም ስጠራ እጠነቀቃለሁ፤ ሲያተኩሰኝ አፌን በጋቢዬ እይዛለሁ። ባለፈው ሆስፒታል አደንዝዘው ቀዶ ጥገና ሲያደርጉልኝ፣ ስነቃ ነርሷን የጠየቅኋት ስለ ቁስሉ አልነበረም። «ልጄ፣ ስም ጠርቼ ነበር ወይ?» አልኋት። «ኧረ አባባ፣ ሲያንኮራፉ ነው የቆዩት» ብላ ሳቀችብኝ።

በቀደም የልጅ ልጄ ሶስና ጭቃ በፌስታል ይዛ ከትምህርት ቤት መጣች። መምህሯ ከሽማግሌ ተረት ሰምታችሁ እንስሳውን ሥሩ ብላቸዋለች። የእማ ውዴን ጅብ ተረትሁላት፤ እሷም እየሰማች ጠፈጠፈችው፤ ሠርታ ስትጨርስ መስኮቱ ላይ አኖረችው። ዝናብ መጥቶ ፊቱ ሟሟ ብዬ አቆምሁ።

«ልጆቹስ?» አለችኝ።

እንደ እማ ውዴ መልሼ ልጠይቃት ነበር፤ አልቻልሁም።

«ሸሹ» አልኋት።

«ምነው? ቀኑን ሙሉ አብሯቸው ውሎ አልነከሳቸውም እኮ!»

ከደብረ ብርሃን ሥላሴ በኩል ደመና እየመጣ ነበር። ተነሥቼ እርጥቡን ጅብ በሁለት እጄ ይዤ ከመስኮቱ አነሣሁትና ወደ ውስጥ አስገባሁት።