ሁለት መቶ ሱቅ፣ አንድ መልስ

ከተማው ያወጣለት ስም «ሰላምታው» ነው። ከቤቱ እስከ ሳሙና ፋብሪካው ያለው መንገድ ለሌላ ሰው የሩብ ሰዓት ነው፤ ለእሱ ግን አንድ ሰዓት ይፈጃል። የጫማ ሰፊው ወገብ ተሻለው ወይ፣ የመድኃኒት ቤቷ ሴትዮ ልጅ ፈተናውን አለፈ ወይ፣ የብረታ ብረት ነጋዴው አማት ከአልጋ ተነሡ ወይ፣ ሁሉንም ሳይጠይቅ አያልፍም። አጠያየቁ ደግሞ ለአፍ ያህል አይደለም። የዛሬ ሳምንት የነገሩትን ዛሬ አስታውሶ ይጠይቃል፤ መልሱንም ቆሞ ይሰማል። እንዲህ ያለ ሰው ማርኬቲንግ ክፍል ቢቀመጥ ማን ይገረማል? «ክፍል» ስል ግን ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ። በመጋዘኑና በሂሳብ ቢሮው መካከል የተሸጎጠች፣ አንድ ጠረጴዛና ሁለት ወንበር የያዘች፣ መስኮቷ ከተቀባ ወዲህ ተከፍቶ የማያውቅ ጠባብ ቢሮ ናት። አሥራ አራት ዓመት ሙሉ የክፍሉ ኃላፊም፣ ሠራተኛም፣ ተላላኪም እሱው ነበር።

የከተማው ኮሌጅ በየዓመቱ አርባ ሃምሳ ልጅ በማርኬቲንግ ያስመርቃል። ልጆቹ የት እንደሚገቡ ግን ያሰበበት ያለ አይመስልም። ዱቄት ፋብሪካው ዱቄቱን ለሦስት ጅምላ ነጋዴዎች አከፋፍሎ ስለሚጨርስ ገበያ ፈላጊ አያስፈልገውም። ፍራሽ ፋብሪካው ወንበሩ ላይ የባለቤቱን ወንድም አስቀምጧል። ባንኮቹ ሰው የሚመጣላቸው ከዋናው መሥሪያ ቤት ነው። የቀረው ተመራቂ «የሽያጭ ሠራተኛ፣ ክፍያ በኮሚሽን» የሚለውን ማስታወቂያ ከምሰሶ ምሰሶ እያነበበ የጫማውን ሶል ይጨርሳል። ይህን ሰላምታው ከማንም በላይ ያውቃል። ሆኖም ኮሌጁ ለተመራቂዎች ንግግር አድርግ ብሎ በጠራው ቁጥር፣ አዲስ ልብስ ለብሶ ዓይን ዓይኑን የሚያይ ወጣት ተስፋ ማስቆረጥ አይሆንለትምና «ገበያ ባለበት ሁሉ ለእናንተ ሥራ አለ» ብሎ ይመጣል። ያጨበጭቡለታል። አንድ ዓመት ካጨበጨቡለት መካከል የገዛ እህቱ ልጅ ነበረች።

ትምህርቱን የመረጠላትም እሱ ነው። ልጅቷ ዝምተኛ፣ ሥራዋን አጥርታ የምትሠራ፣ ሰው ሲበዛ የምትሸሽ ዓይነት ናት። ሰላምታው ግን ጨዋታ የማይወድ ሰው ይኖራል ብሎ አያምንም፤ «ሥራው ራሱ ያፍታታታል» አለ። ተመርቃ አንድ ዓመት ከመንፈቅ ቤት ተቀመጠች። ከዚያ በኋላ አንድ የግል ክሊኒክ ካርድ ክፍል ቀጠራት። ደመወዙ ትንሽ ቢሆንም በወሩ የማይቀር ነበር፤ እናቷ በደስታ ጎረቤት ለጎረቤት ዞራ አወራች።

በዚያው ሰሞን የፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ ከትልቁ ከተማ አንድ ጠርሙስ ፈሳሽ ሳሙና ይዞ መጣ። ጠርሙሱን ሰላምታው ጠረጴዛ ላይ አቁሞ፣ «ይኼን ብናመርት ባለሱቆቻችን ይወስዱት እንደሆን አጥናልኝ። ሁለት መቶ ሱቅ ይበቃል» አለው። ሰላምታው ፎርሙን አዘጋጀ። ከኮሌጁ ተማሪ ወስዶ መላክ ይችል ነበር፤ ግን ሰው መጠየቅ ከእሱ በላይ ማን ይችላል? ራሱ ወጣ።

የመጀመሪያዋ የጥግ ሱቅ ባለቤት ነበረች፤ የረጅም ጊዜ ወዳጁ ናት። ጠርሙሱን ተቀብላ አሸተተችው፤ ወደ ብርሃን አንሥታም አየችው።

«ሽታው ጥሩ ነው። ማን ነው የሚያመጣልን?»

«እኔ ነኛ፤ ሌላ ማን አለ?»

«አንተ ካመጣኸውማ እንዴት አልወስድም?» አለችው።

ፎርሙ ላይ «ትወስዳለች» ብሎ ጻፈ። ጫማ ሰፊው አጠገብ ያለው ባለሱቅም ይወስዳል፤ ከድልድዩ ማዶ ያሉት ወንድማማቾችም ይወስዳሉ። በሦስት ሳምንት ውስጥ ሁለት መቶ ፎርም ሞላ፤ አልወስድም ያለ አንድ ሰው አልተገኘም። እስቲ ፍረዱ፤ ስለታመመች እናትህ በየሳምንቱ የሚጠይቅህን ሰው ፊት ለፊት አይተህ «ሳሙናህ አይሸጥም» የምትልበት አንደበት ከየት ይመጣል? ከተማው በሙሉ ለሳሙናው ሳይሆን ለሰውየው መልስ ሰጥቶ ሸኘው። የሰዉን ልክ ከነአመሉ አውቃለሁ የሚለው ሰላምታው ይህችን አንዲት ነገር ሳያውቃት ቀረ። ፎርሞቹን በክላሰር አስይዞ ለሥራ አስኪያጁ ሲያስረክብ ደረቱ ተነፍቶ ነበር።

ማሽኑ ተገዛ። አምስት የሽያጭ ሠራተኞች ይቀጠሩ ተባለ፤ አንዷን እሱ እንዲመርጥ ተፈቀደለት። ያን ቀን ወደ ቤቱ እንኳን ሳይገባ በቀጥታ እህቱ ቤት ሄደ፤ በሩ ላይ ቆሞ «ካርድ ክፍል ተቀምጠሽ ዕድሜሽን አትፈጂም፤ በተማርሽው ሙያ ቋሚ ሥራ አግኝቼልሻለሁ» አላት። ልጅቷ የክሊኒኩን መታወቂያ ከአንገቷ አውጥታ ገመዱን በጣቷ ስትጠቀልል ቆየች። እናቷ «በይ እንጂ፣ አጎትሽን አመስግኚው» አለቻት።

«እሺ ጋሼ። አንተ ካልክ ይሁን» አለች። ሰላምታው ይህንንም ከደስታ ቆጠረው።

በመጀመሪያው ወር የተመረተው ፈሳሽ ሳሙና ሁሉ ወጣ። አምስቱ ወጣቶች ሰማያዊ ጃኬት ለብሰው ካርቶን በካርቶን ሲያከፋፍሉ የከተማው ሰው ቆሞ አያቸው። ዕቃውን ባለሱቁ በእጅ በእጅ ከፍሎ ይረከባል፤ ያልሸጠውን ግን በሦስት ወር ውስጥ መመለስ ይችላል። ይህን ውል ሰላምታው ራሱ ነው ያረቀቀው፤ የሚመልስ ይኖራል ብሎ ግን በሕልሙም አላሰበም።

የእህቱ ልጅ በሁለተኛው ሳምንት አንድ ነገር አደረገች። ጃኬቷን አውልቃ፣ ማንም በማያውቃት ሰፈር፣ አንድ ሱቅ ደጃፍ ላይ ሰው እንደምትጠብቅ መስላ ግማሽ ቀን ቆመች። ገዢዎች ጠርሙሱን ያነሣሉ፣ ያሸቱታል፣ ቦታው ይመልሱታል። ከዚያ «ደረቁን በግማሽ ቁረጥልኝ» ይላሉ። ነገሩ ይኸው ነበር። የሰፈር ሰው ሳሙና የሚገዛው እንደ ዕለቱ አቅሙ ነው፤ ደረቁ ሳሙና በቢላ ለሁለት፣ ካስፈለገም ለአራት ይቆረጣል። ጠርሙስ አይቆረጥም። ያየችውን በአንድ ገጽ ጽፋ ወደ ቢሮው መጣች። ሰላምታው በስልክ «የእኔዋማ እሳት የላሰች ናት፤ ቆይ ታያታለህ» እያለ ለአንድ ወዳጁ ስለ እሷ ያወራ ነበር። ወረቀቱን አራት ቦታ አጥፋ ኪሷ ውስጥ ከትታ ወጣች።

ሁለተኛው ወር ሲጋመስ የሰላምታው መንገድ ያጥር ጀመር። ጫማ ሰፊው አጠገብ ያለው ባለሱቅ ሲያየው ወደ ጓዳ ይገባል። ከድልድዩ ማዶ ካሉት ወንድማማቾች ትልቁ ስልክ ጆሮው ላይ ይለጥፋል፤ ስልኩ ግን አይጮህም፣ እሱም አያወራም። ሰላምታው ምን አጥፍቼ ነው እያለ ሲብሰለሰል እንቅልፍ አጣ። ሰው አኮረፈኝ ብሎ እንጂ አፍረውኝ ይሆናል ብሎ አልጠረጠረም። አንዳንዶቹ ዓይኑን ላለማየት ካርቶኑን በሸክም ሠራተኛ እጅ ወደ መጋዘን ይልኩ እንደነበር ያወቀው ሦስተኛው ወር ሊያልቅ ሲል ሥራ አስኪያጁ ሲያስጠራው ነው።

ሥራ አስኪያጁ ሁለት መቶውን ፎርም ዘርግቶ ጠበቀው።

«ይኼ ሁሉ ሰው እወስዳለሁ ብሎሃል። ታዲያ ለምን ይመልሳል?»

«ልጆቹ ገና ናቸው፤ ትንሽ ጊዜ...»

«ጊዜ የለኝም። መመለሻው ሊያበቃ አሥር ቀን ቀርቶታል። ከተማ ውስጥ ያለው ካርቶን ተመልሶ ከመጣ መስመሩን እዘጋለሁ፤ አምስቱም ይሄዳሉ። አንተ ዙርና እንዳይመልሱ ለምነህ አሥሩን ቀን አሳልፍልኝ። አንተን እምቢ የሚል የለም።»

እውነቱን ነው፤ የለም። ሰላምታው ሲወጣ ይህችን ብቻ አሰበ፦ አሥር ቀን ካለፈ የእህቴ ልጅ ሥራዋ ላይ ትቆያለች። በማግሥቱ ጠዋት የፋብሪካውን ፒክአፕ አስነሥቶ ወደ ጥግ ሱቋ ሄደ።

ባለሱቋ ገና ሳይወርድ አየችውና ቀድማ ተናገረች። «የመጣህበትን አውቄዋለሁ። ግድ የለህም፣ አልመልስም። ለቤቴ እጠቀምበታለሁ።»

ሦስት ካርቶን ከነማሸጊያው ጥግ ይዟል። የስኳሩ መደርደሪያ ባዶ ነው፤ የዘይቱም ሁለት ጀሪካን ብቻ ቀርቶታል። ሌላ ጊዜ ይህን ሱቅ እንዲህ ተራቁቶ አይቶት አያውቅም። ስኳር የምታመጣበት ገንዘብ ጠርሙሱ ውስጥ ተዘግቶ ተቀምጧል። ሰላምታው ያዘጋጀውን ንግግር ተወው።

«እስቲ ከልብሽ ንገሪኝ። ያን ቀን ስጠይቅሽ ይሸጣል ብለሽ አስበሽ ነበር?»

ሚዛኑን በጨርቅ ወለወለችው።

«አላሰብኩም።»

«ታዲያ ለምን እወስዳለሁ አልሽኝ?»

«እናቴ የሞተች ጊዜ መቃብር ያስቆፈርክልኝ አንተ ነህ። አልወስድም ልበልህ እንዴ?»

ሰላምታው አፈረ። ምድር ተከፍታ ብትውጠው ደስ ባለው። ሁለት መቶ ሰው እየዞረ አስጨንቆ፣ ያስጨነቀውን በወረቀት አስፍሮ ጥናት ብሎት ኖሯል። ሦስቱን ካርቶን አንድ በአንድ ተሸክሞ ፒክአፑ ላይ ጫነ፤ የመመለሻ ደረሰኙንም ቆርጦ ሰጣት። ከዚያ ወደሚቀጥለው ሱቅ ሄደ፤ ወደሚቀጥለውም። ጓዳ የሚገቡትን ደጃፋቸው ላይ ቆሞ «ውጡ፤ ልለምናችሁ ሳይሆን ልወስድላችሁ ነው የመጣሁት» ይላቸዋል። ሥራው አራት ቀን ፈጀ። የመጋዘኑ ኃላፊ በየቀኑ ካርቶን ጭኖ የሚመለሰውን ፒክአፕ እያየ «ይኼ ሰውዬ ነካው እንዴ?» አለ። በአራት ቀን ውስጥ የእህቱ ልጅ ስም አንዴም ከልቡ አልወጣም፤ ግን ካርቶኑን መጫን አላቆመም።

በአምስተኛው ቀን ስድስት የስንብት ደብዳቤ ይጠብቀኛል ብሎ ነበር የሄደው። ያገኘው አምስት ነው።

«የአንተ የለም» አለው ሥራ አስኪያጁ፤ ፊቱ ላይ ቁጣም ፈገግታም ነበረበት። «ባለሱቆቹን ምን እንዳስነካሃቸው አላውቅም፤ ከትናንት ጀምሮ የደረቅ ሳሙና ትዕዛዝ እያከታተሉ ነው። ከአንተ ጋር አልጣላም። ተቀመጥ።»

«በእኔ ቦታ ልጅቷን...»

«ምን ሸጠችና?»

ሰላምታው አፉን ከፈተ። የምትሸጥ ልጅ እንዳልሆነች፣ ካመጣት ሰው በቀር ጥፋተኛ እንደሌለ ሊናገር ነበር። እኔም እወጣለሁ ሊል ነበር። አላለም። ሁለት ልጆች አሉት፤ ዕድሜውም አርባ ስድስት ነው፤ በዚህ ከተማ ደግሞ ለዚህ ሙያ ያለው ወንበር አንድ ብቻ ነው፣ እሱም የተቀመጠበት። ደብዳቤዎቹን ይዞ ወጣ።

ከሥራ ሰዓት በኋላ እህቱ ቤት ሄደ። ልጅቷ ጠረጴዛ ላይ ብርድ ልብስ አንጥፋ ሰማያዊውን ጃኬት ትተኩሳለች። ወሬው ቀድሞት ደርሶ ነበር። ደብዳቤውን ተቀብላ ሳትከፍተው አስቀመጠችው።

«ሁለተኛው ሳምንት ላይ አውቄው ነበር ጋሼ። እንደማይሸጥ።»

«ምነው ሳትነግሪኝ?»

«ደስ ብሎህ ነበራ።»

ቁጭ አለ። «እንግዲህ አሁን እኔው ልጠይቅሽ» አለ። «ክሊኒኩን ተይ ስልሽ፣ ፈልገሽ ነው እሺ ያልሽኝ?»

ካውያውን አቆመችው።

«አልፈለግኩም» አለች። «ካርድ ክፍሉን ወድጄው ነበር። ሰው ስሙን ይነግርሃል፣ ካርዱን ፈልገህ ታወጣለታለህ፣ ያልቃል። ማንንም ግዛኝ ብለህ አትለምንም። ባለፈው ሄጄ ጠይቄያቸው ነበር፤ ሌላ ልጅ ቀጥረዋል።»

«ይቅርታ አድርጊልኝ።»

«አልተቀየምኩህም። ግን የባለሱቆቹን ካርቶን እየዞርክ ተቀበልካቸው፤ እኔ የትኛውን ልመልስልህ?»

ከጓዳ እህቱ ሳህን ስታቀራርብ ይሰማል። ልጅቷ ቁልፎቹን ቆለፈች፣ እጅጌዎቹን ወደ ኋላ አጠፈች፣ ጃኬቱንም በፌስታል ከትታ ሰጠችው፤ ነገ ሥራ ሲገባ እንዲያስረክብላት።